የደስታ በሽታ፣ የአዲስ ቅዳም አይብ እና የማቀዝቀዣ ፖለቲካ

በሰኔ 2003 ዓ.ም. የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ሮም ላይ ትልቅ ዜና አወጀ። የከብት ደስታ በሽታ ከምድር ገጽ ጠፍቷል አለ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም ከአንድ ወር በፊት ይህንኑ አረጋግጦ ነበር። የሰው ልጅ አስቦና አቅዶ ከዓለም ያጠፋቸው በሽታዎች እስከ ዛሬ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ፈንጣጣና ደስታ። በሁለቱም ዘመቻ ጠላት እስከ መጨረሻው ከመሸገባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። እኛ ግን ያን ሰሞን ቀልባችን ሌላ ቦታ ነበር። መጋቢት ላይ የግድቡ መሠረት ተጥሎ አገሩ በሙሉ ስለ ቦንድ ያወራ ነበር። አያቶቻችንን በሬ አልባ አድርጎ ለረሃብ የዳረገ ጠላት ሲቀበር ቀብሩ ላይ የተገኘ ኢትዮጵያዊ እምብዛም አልነበረም።

ይህ የወቅታዊ ጉዳይ ቻናል ነው፣ የከብት በሽታ ምን አመጣው የምትሉ ትኖራላችሁ። ታገሱኝ፣ ወደ ዛሬው እመጣለሁ። ታሪኩን ብዙ ጊዜ የምንሰማው የክትባት ታሪክ፣ የዘመቻ ታሪክ፣ የለጋሽ አገሮች ታሪክ ሆኖ ነው። እኔ የሙቀት ታሪክ አድርጌ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ደስታን ለማጥፋት አሥርተ ዓመታት የፈጀብን ክትባት ስላልነበረ አይደለም። ክትባቱ ነበረ፤ መንገድ ላይ ሙቀት ይገድለው ነበር።

እንዴት እንደሚገድለው ለማወቅ ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም። አዲስ ቅዳም ላይ አንድ ጓዳ ይበቃል።

አዲስ ቅዳም ስሟ እንደሚናገረው የገበያ ልጅ ናት። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የፋግታ ለኮማ ከተማ ናት። መንገደኛው ዛሬ የሚያውቃት በከሰል ነው። በየኮረብታው የተተከለው ዲከረንስ ተቆርጦ፣ ከስሎ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ የሚጫንባት ከተማ ናት። (ስለ ዲከረንስ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ ገበሬውን ያበለጸገውን ያህል ያሳሰበም ዛፍ ነው።) ግን አገሩ ከከሰሉ በፊትም የወተትና የቅቤ አገር ነው። እና በአዊ ደጋ ያለች እናት ሁሉ በሳምንት ውስጥ ደጋግማ የምትሠራው አንድ ሥራ አለ። ወተቱን ታረጋለች፣ ትገፋለች፣ ቅቤውን ታወጣለች። የቀረውን አሬራ በድስት አድርጋ በለዘብተኛ እሳት ላይ ትጥዳለች። አታፈላውም። ካፈላችው እንደ ላስቲክ ይደርቅባታል። ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት መካከል ቀስ እያለ ነጩ ወደ አንድ ይሰበሰባል፣ አጓቱ ይለያል፣ አይብ ይሆናል። ቴርሞሜትር የላትም። እጇ ያውቀዋል።

በዚያ ድስት ውስጥ የሚሆነው ነገር ምንድን ነው? ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች እንደ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ክር ነው። ክሩ ተዘርግቶ አይቀመጥም፤ እንደ ልቃቂት ይጠቀለላል። የጥጥ ልቃቂት እንዴትም ተጠቀለለ እንዴት ያው ልቃቂት ነው። የፕሮቲን ልቃቂት ግን እያንዳንዱ ዙር፣ እያንዳንዱ እጥፋት የተወሰነ ቦታ አለው። ሥራውን የሚሠራውም በዚያ ቅርጹ ነው። ምግብ የሚፈጨው ኢንዛይም፣ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን፣ ስኳር የሚያስተካክለው ኢንሱሊን፣ ሁሉም ቅርጻቸው ከጠፋ ቁሱ እያለ ሥራው የለም። ያንን ቅርጽ ይዞ የሚያቆየው ደግሞ ጠንካራ ነገር አይደለም። እዚህም እዚያም ያሉ ደካማ መሳሳቦች ናቸው። ከሁሉም በላይ፣ ከክሩ ውስጥ ውሃ የማይወዱት ክፍሎች ከውሃው ሸሽተው ወደ ልቃቂቱ ሆድ መደበቃቸው ነው።

ሙቀት ማለት እንቅስቃሴ ነው። ድስቱ ሲሞቅ እያንዳንዱ ቅንጣት ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ልቃቂቱ ላላ ይላል። ከዚያ አንድ ጫፍ ያመልጣል፣ ከዚያ ሌላ። አንድ ወሰን ላይ ሲደርስ ሁሉም በአንዴ ይተረተራል። ተተርትሮ ቢቀር ኖሮ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ የሚጠቀለልበት ዕድል ነበር። ችግሩ እዚህ ነው። ተደብቀው የነበሩት ውሃ ጠል ክፍሎች አሁን አደባባይ ወጥተዋል፤ መጠጊያ ይፈልጋሉ። የሚያገኙት መጠጊያ ደግሞ እንደነሱ የተተረተረ ጎረቤት ነው። አንዱ ክር በሌላው ይጠመጠማል፣ ሦስተኛው ይጨመራል፣ ሺህ ልቃቂት ውሉ ጠፍቶ አንድ ጉንጉን ይሆናል። የእንቁላል ነጭ ሲቀቀል ብርሃን የሚያሳልፈው ፈሳሽ የሚነጣውና የሚጠጥረው ለዚህ ነው። አይብ ላይ እርሾው የፈጠረው ኮምጣጣነትም ያግዛል። አዲስ ያልረጋ ወተት ቢፈላ አይቋጠርም፤ የወተቱ ዋና ፕሮቲን ካዜይን ሙቀትን በደንብ የሚችል ነውና። አሬራው ግን ስለኮመጠጠ በትንሽ ሙቀት እጁን ይሰጣል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ክሩ አልተበጠሰም። ዶቃው ሁሉ በቦታው አለ። ለዚህ ነው የተቀቀለ እንቁላልም አይብም ጥጋቡ የማይቀንሰው። ሆዳችን የሚፈልገው ዶቃውን እንጂ ቅርጹን አይደለም። ለምግብ የተተረተረ ፕሮቲን በረከት ነው። ለመድኃኒት ግን ሞት ነው።

የጠላ ጠማቂዎችም ይህን ያውቁታል። አሻሮው በምጣድ ይታመሳል፣ ብቅሉ ግን ፀሐይ ላይ ይደርቃል እንጂ ምጣድ አያይም። ለምን ብትሏት «ብቅሉ ይሞታል» ትላችኋለች፤ ትክክል ናት። ብቅል ውስጥ እህሉን ወደ ስኳር የሚቀይረው ኢንዛይም አለ። ምጣዱ ላይ ከተቆላ ዱቄቱ ይቀራል፣ ኢንዛይሙ ይተረተራል፣ ጥንስሱም አይነሳም።

ይህን ነገር በሳይንስ ቋንቋ «መተርተር ነው» ብሎ ከቀደሙት ሁሉ ጎልቶ የጻፈው ሺየን ዉ የሚባል ቻይናዊ ነው፤ ቤጂንግ ላይ፣ በ1931 እ.ኤ.አ.። ከዚያ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ፕሮቲኑ በሙቀት ይሰበራል ወይም ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ሌላ ነገር ይሆናል ይሉ ነበር። ምዕራቡ ዓለም የዚህን ሰው ሥራ ለረጅም ጊዜ በሚገባው ልክ አላነሳውም። በኋላ አሜሪካዊው ክሪስቲያን አንፊንሰን የተተረተረ ፕሮቲን፣ ጎረቤት ሳይጠመጠምበት በርጋታ ከተተወ፣ ራሱን በራሱ ተመልሶ እንደሚጠቀልል አሳየና በ1972 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የካሊፎርኒያና የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከተቀቀለ የእንቁላል ነጭ ውስጥ አንዱን ፕሮቲን በኬሚካልና በኃይለኛ ማሽከርከሪያ ፈትተው ወደ ቅርጹ መለሱት። እንቁላሉን ሳይሆን አንዱን ፕሮቲን ነው። ለጤና ጣቢያ ነርስ ግን ይህ ሁሉ አይረዳትም። አንዴ የተቋጠረ ብልቃጥ በቃ ተቋጥሯል።

ወደ በሬዎቹ እንመለስ።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ ምጽዋን የያዘው የጣሊያን ጦር ለወታደሮቹ ምግብና ለጭነት ከባሕር ማዶ ከብት አስመጣ። ከከብቶቹ ጋር አገሩ ከዚያ በፊት በዚህ መጠን አይቶት የማያውቀው በሽታ ወረደ። ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ የዓይን እንባ፣ ከዚያ ተቅማጥ። ከብቱ በሳምንትና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወድቃል። ከምጽዋ ተነስቶ ደጋውን አቋርጦ ደቡብ ወረደ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። በአገራችን ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ነው ታሪክ ጸሐፊዎች የሚገምቱት። በሬ ከሌለ እርሻ የለም። ድርቅና አንበጣም ተጨመሩ። ይህ ነው ክፉ ቀን፤ ከ1880 እስከ 1884 የቆየው። ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛ ያህል እንዳለቀ ይገመታል። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን እንደሞከሩ ይነገራል። ዓድዋ ላይ የዘመተው ትውልድ ከዚህ ረሃብ የተረፈ ትውልድ መሆኑን ብዙ ጊዜ እንረሳለን። በየዓመቱ ጥር ላይ እንጅባራ የሚሰበሰበው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ያንን የዓድዋ ዘመቻ ሲዘክር እኔ ሌላም ነገር ትዝ ይለኛል። ፈረስ በደስታ አይያዝም፤ በሽታው የሚያጠቃው ሰኮናው የተሰነጠቀውን ነው። ወደ ዓድዋ ሲዘመት በረቱ ባዶ በሆነበት አገር ፈረሱ ግን ተርፎ ነበር።

የበሽታው ስም ብቻውን ምፀት ነው። ደስታ!

ቫይረሱ አንድ ድክመት ነበረበት፤ ሙቀት አይችልም። ከከብቱ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ከዋለ ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ የሚተላለፈው ከብት ከከብት ሲጠጋጋ ነው። ሰው በግል ልምዱ በሽታውን ለመቋቋም ከብቱን ለያይቶ ማራቅን ቢመርጥ ትክክል ነበር። ይህ ድክመት ግን ሁለት ስለት ነው። ክትባቱ የሚሠራው ከራሱ ከቫይረሱ፣ ተዳክሞና ሕይወቱን ይዞ ነው። ቫይረሱ ላይ ያሉት ፕሮቲኖች ወደ ከብቱ ሕዋስ የሚገቡት በቅርጻቸው ነው፤ ቁልፍ ጥርሱ ከታጠፈ በር እንደማይከፍት ሁሉ፣ የተተረተረ ፕሮቲንም አይከፍትም። ቫይረሱን ፀሐይ የሚገድልበት መንገድ ክትባቱንም የሚገድልበት መንገድ ነው። ጠላታችንን ያዳከመው ሙቀት መሣሪያችንንም ያዳክም ነበር።

እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት ኬንያ ሙጉጋ ላይ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ዕፁብ ድንቅ ክትባት ሠራ። ርካሽ ነው፣ ከብቱን አይጎዳም፣ አንዴ የተከተበ ዕድሜ ልኩን ይጠበቃል። ለዚህ ሥራው በ1999 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጠው። በዚሁ ክትባት ከ1962 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ሰፊ ዘመቻ ተካሄደ፤ የጋራ ፕሮጀክት 15 ይባላል። የእኛው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በ1964 ቢሾፍቱ የተቋቋመውም በዚያው ዘመን ነው። በሽታው ብዙ ቦታ ጠፋ። ጠፋ ተብሎ ዘመቻው ቆመ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ከተደበቀበት ወጥቶ እንደገና አፍሪካን አዳረሰ።

የተደበቀው የት ነበር? ክትባቱ ያልደረሰበት። ክትባቱ ያልደረሰበትስ የት ነው? በረዶው የሚቀልጥበት። የፕላውራይት ክትባት ከፋብሪካ እስከ ከብቱ አንገት ድረስ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ማቀዝቀዣ ካለ መብራት ይኖራል፣ መብራት ካለ ከተማ ይኖራል፣ ከተማ ካለ መኪና ይደርሳል። ከዚያ ውጪ ያለው አርብቶ አደር በካርታው ላይ አለ፣ በዘመቻው ውስጥ የለም። የመንግሥት ቡድን ላንድክሩዘር ይዞ ዋናውን መንገድ ይዞ ይሄዳል፤ ከብቱ ደግሞ ሣርና ውሃ ተከትሎ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እኔ ይህንን የቴክኒክ ችግር ብቻ ብዬ አላየውም። አንድ መድኃኒት ማቀዝቀዣ ካልፈለገ ለሁሉም ነው፤ ማቀዝቀዣ ከፈለገ መጀመሪያ ለመብራቱ ቅርብ ለሆነ ሰው ነው።

በ1986 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው አህጉራዊ ዘመቻ ሲጀመር ትምህርቱ ተገኝቶ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጄፍሪ ማሪነር የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪምና ባልደረቦቹ አዲስ ቫይረስ አልፈለጉም፤ ያንኑ የፕላውራይትን ዘር ወስደው አደራረቁን ቀየሩ። ቀስ ብለው፣ ለረጅም ሰዓታት፣ ውሃው እስኪሟጠጥ ድረስ በቅዝቃዜ አደረቁት። ስኳር ያለበት መከላከያም ጨመሩ። ለምን ሠራ? ልቃቂቱ የሚተረተረው የሚንቀሳቀስበት ውሃ ሲኖር ነው። ውሃው ወጥቶ ስኳሩ ቦታውን ሲይዝ ፕሮቲኑ እንደ ብርጭቆ በጠጠረ ነገር ውስጥ ተቀብሮ ይቀመጣል። ቢሞቅም መላወሻ የለውም። ጎረቤትም አያገኝም። በእኛ ቤት ሥጋው ቋንጣ ሆኖ፣ እህሉ ደርቆ ጎተራ ገብቶ የሚቆየው በሌላ ምክንያት ነው፤ እዚያ የሚታገደው ተባዩና ብስባሹ ነው። መሠረቱ ግን ይገናኛል፤ ውሃ የሌለበት ነገር ለውጥ ይዘገይበታል።

ይህ አዲስ አሠራር ቴርሞቫክስ ተባለ። ለአንድ ወር ያህል ያለ ማቀዝቀዣ መቆየት ቻለ። አንድ ወር ትንሽ ይመስላል። ግን አንድ ወር ማለት በእግር ወይም በግመል አፋር በረሃ ውስጥ ገብቶ፣ ከብቱን ፈልጎ፣ ከትቦ መመለስ ማለት ነው።

አፋር የደስታ የመጨረሻው የኢትዮጵያ ምሽግ ነበር። ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ አገር፣ ከማዕከል ለሚመጣ ሹም ብዙ እምነት የሌለው አርብቶ አደር። በ1994 እ.ኤ.አ. ሥራው ከቢሮ ወጥቶ ለአፋሮቹ ተሰጠ። ከየጎሳው የተመረጡ፣ ከብት የሚያውቁ፣ ብዙዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ሠልጥነው ክትባቱን ተሸክመው ወጡ። ከብቱ የት እንደሚያድር ያውቃሉ፣ ባለቤቱ ያምናቸዋል፣ ክትባቱም በኮርቻ ከረጢት ውስጥ አይሞትም። በኅዳር ወር 1995 እ.ኤ.አ. የታየው ወረርሽኝ በአፋር የመጨረሻው ሆነ። በመላ ኢትዮጵያም ከዚያ በኋላ አልታየም። በ2000 ዓ.ም. አገሪቱ ከበሽታው ነጻ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተረጋገጠላት። ከክፉ ቀን 120 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ድሉ የማን ነው የሚል ክርክር አለ። የሳይንስ ሰዎች ቴርሞቫክስ ይላሉ፤ የልማት ሰዎች የማኅበረሰብ ሠራተኞች ይላሉ። እኔ መለየቱ አይታየኝም። የማይሞቅ ክትባት ባይኖር ፊደል ላልቆጠረ የአፋር ወጣት አደራ የሚሰጥ የለም ነበር። ወጣቱ ባይኖር ክትባቱ ማቀዝቀዣ የሌለው መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ይቀር ነበር።

የፈንጣጣውም ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው። በዓለም ላይ ዘመቻውን እጅግ ዘግይተው ከጀመሩት አንዷ እኛ ነበርን፤ ጥር 1963 ዓ.ም.። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ፤ በዚያ ዓመት በመላው ዓለም ሪፖርት ከተደረጉት ግማሽ ያህል። በሰሜን ደጋ፣ ጎጃምንም ጨምሮ፣ ሕዝቡ የራሱ ክትባት ነበረው። ከበሽተኛ ቁስል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ መከተብ ከጥንት የቆየ ጥበብ ነው። ስለዚህ የነጩን ሰው መርፌ ብዙ ቦታ ገበሬው አልወደደውም። ቢሆንም ዘመቻው ተራራ ለተራራ በበቅሎና በእግር የሄደው ክትባቱ ደረቅ ስለነበረ ነው። ሌስሊ ኮሊየር የተባለ እንግሊዛዊ በ1950ዎቹ ያዘጋጀው ዱቄት በ37 ዲግሪ ሙቀት ወር ያህል ይቆያል። በበረዶ የሚሄድ ክትባት ቢሆን ኖሮ ጮቄ ተራራን ማን ይወጣው ነበር? የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ ነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን በረሃ ተገኘ።

እንግዲህ ወደ ዛሬ።

የአዊ ዞን ሁለት አገር ነው። አዲስ ቅዳም፣ እንጅባራ፣ ባንጃ ደጋ ነው፤ ውሃ እንኳ መቶ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ለሊቱ ይበርዳል። ጃዊ፣ ዚገም፣ ጓንጓ ሲወረድ ቆላ ነው። አንድ ክትባት ከባሕር ዳር ተጭኖ በአንድ ዞን ውስጥ ሁለቱንም አየር ያያል። አብዛኞቹ የሕፃናት ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው መኖር ያለባቸው። ስለ ቆላው ሁሉም ያውቃል። ስለ ደጋው ግን የማይነገር ነገር አለ፤ ቅዝቃዜም ይገድላል። ሄፓታይተስ ቢንና የአምስቱ በአንድ ክትባትን የመሳሰሉት በአሉሚኒየም ጨው ላይ የተለጠፉ ናቸው። ከቀዘቀዘ ማሸጊያ በረዶ ጋር ተጠግተው ከረጉ ይጓጉላሉ፤ ቢቀልጡም አይመለሱም። አዲስ ቅዳም ላይ ለክትባቱ ከፀሐይ ይልቅ ሳጥኑ ውስጥ የገባው በረዶ አደገኛ የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። በረዶውን ወዲያው ከፍሪዘር አውጥቶ መጨመር ሳይሆን ጥቂት እስኪያልበው መጠበቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ይህንን የሚያደርጉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ። ስማቸው በዜና አይጠራም።

ብልቃጡ ላይ አንድ ትንሽ ምልክት አለች። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፖሊዮ ክትባት ላይ፣ በኋላ በሌሎቹም ላይ የተለጠፈች። በክብ ውስጥ ያለ አራት ማዕዘን ነው። ሙቀት ባየ ቁጥር አራት ማዕዘኑ ይጠቁራል። ክቡን ካከለ ብልቃጡ ይጣላል። እናቶች ልጃችሁን ስታስከትቡ ይህችን ምልክት አሳዩኝ ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ማንም ሊቆጣችሁ አይገባም። ምልክቷ የምትነግረው ስለ ሙቀት ብቻ ነው፤ ረግቶ ስለነበረ ብልቃጥ አትናገርም።

ኢንሱሊን ደግሞ ሌላው ነው። 51 አሚኖ አሲድ ያለው ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ ሲሞቅና ሲናጥ ተተርትሮ ክር ለክር ይጠላለፋል፣ ብልቃጡ ውስጥ ዝቃጭ ያበጃል። የስኳር ሕመምተኛው የተለመደውን መጠን ይወጋል፣ ስኳሩ ግን አይወርድም። ሐኪሙ መጠን ይጨምርለታል። ከዚያ አዲስ ብልቃጥ ሲከፈት ያው የተጨመረው መጠን ስኳሩን ከልክ በላይ ያወርደዋል። ሰው በዚህ ይሞታል፤ የሞት ምክንያቱ ግን «ስኳር» ተብሎ ይጻፋል።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲና ድንበር የለሽ ሐኪሞች ኬንያ ዳጋሃሌይ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት መሠረት አድርገው ባካሄዱት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ መካከል እየዋዠቀ አራት ሳምንት ቢቆይ ኃይሉ እንደማይቀንስ አሳይተዋል። እርጥብ አሸዋ መሐላቸው የተደረገ ሁለት ተደራራቢ ሸክላዎች ደግሞ በደረቅ ቆላ ጥሩ ማቀዝቀዣ ናቸው። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በላቡ ነውና። ጃዊ ላይ ያለ በሽተኛ ፍሪጅ የለህምና ኢንሱሊን አይሰጥህም ሊባል አይገባውም። ሸክላ ሠሪ እናቶች እዚያው አሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ አቆጣጠራችን ነው። በየዓመቱ የክትባት ሽፋን በመቶኛ ይነገረናል። መቶኛው የሚቆጥረው የተወጋውን ክንድ ነው። ክንዱ ውስጥ የገባው ልቃቂት ነበር ወይስ ውሉ የጠፋ ጉንጉን፣ ቁጥሩ አይናገርም። የደስታው ዘመቻ እዚህ ላይ ከሰው ዘመቻ ይሻል ነበር፤ ከተከተቡ ከብቶች ደም እየተወሰደ መከላከያው ተፈጥሯል ወይ ተብሎ ይለካ ነበር። ለበሬ ያደረግነውን ለልጅ የማናደርገው ለምንድን ነው? መብራት በሚቆራረጥበት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት መንገድ በሚዘጋበት ክልል፣ አንድ መኪና ኬላ ላይ ለሁለት ቀን ሲቆም የሚቆጠረው የቆመው ሰው ነው። ውስጡ ያለው የመድኃኒት ሳጥን ስንት ዲግሪ እንደደረሰ ማንም መግለጫ አያወጣም። የሚዋጉት ወገኖች ሁሉ ቢያንስ ይህን አንድ ነገር ቢስማሙበት እላለሁ። የክትባት ሳጥን የያዘ መኪና ሰዓት አለው፤ አያስቁሙት።

ባለ ድርቁ ጥበብ ሥራውን አላቆመም። ቢሾፍቱ ያለው ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ሙቀት ከሚችል ዘር ያመርታል። ዶሮዋ በአንድ ሌሊት የምታልቅባት የገጠር እናት በዓይን ጠብታ የምትከትበው። የደስታ ዘመድ የሆነው የበግና የፍየል በሽታም በ2030 እ.ኤ.አ. እንዲጠፋ ዓለም ቀጠሮ ይዟል፤ ለእሱም ሙቀት የሚችል ክትባት ተዘጋጅቷል። እዚያው ቢሾፍቱ፣ በአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ ከመጨረሻዎቹ የደስታ ቫይረስ ናሙናዎች የተወሰኑት በጥበቃ ተቆልፈው ይገኛሉ። በፍሪዘር ውስጥ።